ቀለሙ አዲስ፣ ሻጩ ማን? ታድሶ የሚሸጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገዙ

ቪዲዮዎቹን አይታችኋል። ነጭ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ በዙሪያው የተቀበረ ሰማያዊ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ የወለል ሴራሚክ፣ አዲስ የኩሽና ካቢኔት፣ ከኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ። «ለቡ፣ ሙሉ በሙሉ ታድሶ ያለቀ፣ ዛሬ ተዋውለው ነገ የሚገቡበት!» ዋጋ ሲጠየቅ «በስልክ» ነው መልሱ። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ቲክቶክና ቴሌግራም ሲከፍት ከጀሞ፣ ከጎፋ፣ ከመካኒሳ፣ ከሐና ማርያም እንዲህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ይዘንብበታል።

ከጀርባው ያለው ሥራ ቀላል ነው። አንድ ሰው ያረጀ ወይም የተጎዳ ቤት በርካሽ ይይዛል፣ በሁለት በሦስት ወር ያሳድሰዋል፣ አትርፎ ይሸጠዋል። ሰውዬው ደላላ ሊሆን ይችላል፣ ኮንትራክተር ሊሆን ይችላል፣ ወይም ብር ያለው ሰው ከደላላና ከጂፕሰም ሠሪ ጋር ተጣምሮ ሊሆን ይችላል። ይሄ በራሱ ወንጀል አይደለም። እንዲያውም ሲሚንቶና ብረት ዋጋው በማይጨበጥበት፣ ባለሙያ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና በሆነበት ከተማ፣ የሌላ ሰው አቧራ በልቶ ያለቀ ቤት መግዛት ለብዙ ሠራተኛ እፎይታ ነው።

ግን «ይይዛል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ይገዛል» አላልኩም።

ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አዳሹ ቤቱን በስሙ አያዞረውም። ለቀድሞው ባለቤት የተወሰነ ብር ይከፍላል፣ የመሸጥ ውክልና ይቀበላል፣ ቁልፍ ይረከባል፣ ያድሳል። ከዚያ እናንተ ትመጣላችሁ። አስጎብኝቶ፣ ተደራድሮ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ስለሆንክ ነው በዚህ ዋጋ» ብሎ የሚሸጥላችሁ እሱ ነው። ውሉ ላይ ግን ሻጭ ተብለው የሚጻፉት ምናልባት አንድም ቀን አግኝታችኋቸው የማታውቁ እናት ወይም አባት ናቸው። እሱ የእሳቸው ወኪል ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ያደርጋል? ሒሳቡ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ስም ሲዞር ገዢው በተለምዶ አሹራ የሚባለውን 4 በመቶ እና 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ፣ ባጠቃላይ 6 በመቶ ይከፍላል። አዳሹ መጀመሪያ በስሙ ቢያዞር ይህን ይከፍላል። ሲሸጥ ደግሞ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ባገኘው ትርፍ ላይ 15 በመቶ ካፒታል ጌይን ታክስ ይመጣበታል። ሕጉ ከዚህ ግብር ነፃ የሚያደርገው ከሽያጩ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ ያገለገለን ቤት ነው። ሦስት ወር ይዞ ያደሰ ሰው እዚያ ውስጥ አይገባም። የቀድሞዋ ባለቤት ግን 20 ዓመት የኖሩበት ቤት ከሆነ ይገባሉ። ስለዚህ በእሳቸው ስም መሸጥ ለአዳሹ ይበጀዋል።

ለእናንተስ? እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከቀለሙም ከሴራሚኩም በላይ የሚያስከፍላችሁ ጉዳይ ይሄ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ስውር ጉድለት ተጠያቂ ነው ይላል። ቤት ገዝታችሁ ከገባችሁ በኋላ በጂፕሰም የተሸፈነ ስንጥቅ ብቅ ቢል ሻጩን መጠየቅ ትችላላችሁ። ግን ሻጩ ማነው? ውሉ ላይ ያለው ስም የወይዘሮዋ ነው። እሳቸው ስንጥቁን አልሸፈኑም፣ ሴራሚክ አልለጠፉም፣ ምናልባት ከእናንተ ብር ግማሹን እንኳን አላዩም። ጉዱን የሚያውቀው፣ ትርፉንም የወሰደው አዳሹ «እኔ ወኪል ነበርኩ» ብሎ ይወጣል። ውሉ ላይ እንደ ተዋዋይ ካልፈረመ እሱን ፍርድ ቤት ላይ መያዝ በጣም ከባድ ነው።

ዋጋውም እንደዚሁ ይሰነጠቃል። እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው) ባለቤቷ በ6 ሚሊዮን ተስማምተዋል፣ ለእናንተ የተሸጠው በ9 ሚሊዮን ነው። «ውሉን በ6 ሚሊዮን እንጻፈው፣ አሹራውም ይቀንስላችኋል» ትባላላችሁ። እውነት ነው፣ የ9 ሚሊዮን 6 በመቶ 540 ሺህ፣ የ6 ሚሊዮን ደግሞ 360 ሺህ ነው። 180 ሺህ ብር ተረፈ። ግን 3 ሚሊዮን ብር ያለ ውል ለአዳሹ ሰጣችሁ ማለት ነው። ነገ ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን 6 ሚሊዮን ነው። የቀረውን መክፈላችሁን የማስረዳት ሸክም የእናንተ ነው። ይሄ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ሳትኖሩበት በ10 ሚሊዮን ለመሸጥ ብትገደዱ በወረቀት ላይ ያተረፋችሁት 1 ሚሊዮን ሳይሆን 4 ሚሊዮን ይሆናል። ሌላውን ስሌት ትተን 15 በመቶው ከ150 ሺህ ወደ 600 ሺህ ወጣ። ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ሕገ ወጥ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ በኪስም ቢሆን አያዋጣም። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትም የራሱ ግምት ስላለው ውል ላይ የጻፋችሁትን ዝም ብሎ አይቀበልም።

ውክልናው ራሱ መመርመር አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። ወካይ ከሞተ ደግሞ በመርህ ደረጃ ውክልናው አብሮ ያበቃል (አንቀጽ 2232)፣ ወካይ በሕይወት ካለም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ስለዚህ ሕዝቡ ውልና ማስረጃ በሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ውክልናው እስከዚያ ዕለት ድረስ ያልተሻረ መሆኑ ይረጋገጥ። ባለቤቷም በሕይወት መኖራቸውን፣ ቤቱ መሸጡን፣ በስንት እንደተሸጠም ማወቃቸውን ራሳችሁ ሂዱና ጠይቁ። አዳሹ «እትዬ አሟቸዋል፣ አይረበሹ» ካለ አድራሻቸውን ተቀበሉና ሙዝ ብርቱካን ይዛችሁ ጠይቋቸው፤ በሽተኛ መጠየቅ ነውር የለውም። እንድታገኟቸው ጨርሶ ካልፈለገ እኔ ብሆን እዚያው አቆማለሁ።

የተሻለው መንገድ ሁለት ነው። ወይ አዳሹ መጀመሪያ በስሙ አዙሮ እንደ ባለቤት ይሽጥላችሁ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም። ወይ ደግሞ ባለቤቷ ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ፣ ሙሉው ዋጋ ውሉ ላይ ይስፈር፣ አዳሹም ለእድሳቱና ለስውር ጉድለት ኃላፊነት ወስዶ በዚያው ውል ወይም አብሮ በሚያያዝ ውል ላይ ይፈርም። ሁለቱንም እምቢ ያለ አዳሽ በሠራው ሥራ እንደማይተማመን እየነገራችሁ ነው።

ባለትዳርነትም አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ሲጠየቅ «ቢሮክራሲ» ብላችሁ አትሰላቹ። ጎፋና መካኒሳ አካባቢ በብዛት የምታዩት የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ። ውጭ አገር ያለችው እኅትም ጭምር።

ካርታ ጋ እንምጣ።

ካርታውን ማየት ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም፤ ጥሩ ፎቶ ኮፒ ማንም ይሠራል። ማኅደሩ ያለበት የይዞታ ጽሕፈት ቤት ካርታው የእሱ መሆኑን፣ ቤቱም ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የባንክ ዋስትና የተያዘበት፣ ፍርድ ቤት ያገደው ቤት ተቀብቶ ተውቦ ሊሸጥ ይችላል። ቀለም እገዳ አያነሳም። ስፋቱንም አስለኩ። ካርታው ላይ 140 ካሬ ሆኖ አጥሩ 175 ካሬ ከከበበ፣ አዲስ የተሠራው ሰርቪስ ቤት የቆመው የመንግሥት መሬት ላይ ሊሆን ይችላል። አጥር ሲታደስ ወደ ውጭ «መንቀሳቀሱ» በዚህ ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነባር ይዞታ ከሆነ ሌላ የማይነገራችሁ ወጪ አለ። በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ሻጯ ሊዝ ሳይከፍሉ ኖረው ይሆናል። እናንተ ግን የሊዝ ውል ትፈርማላችሁ፣ በየዓመቱ የሚከፈል ነገር ይመጣል። መጠኑን ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

«ካርታው በሂደት ላይ ነው» የሚባለው ቤትስ? የክፍለ ከተማችን ነዋሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሐና ማርያም አቅጣጫ ቀርሳ ኮንቶማ በተባለው ሰፈር የጨረቃ ቤቶች ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ጭምር ጠፍቷል። እዚያ ቤታቸውን ካጡት ብዙዎቹ መሬቱን ከገበሬ ወይም ከደላላ በብራቸው የገዙ ነበሩ። ሰነድ አልባ ቤት ሲታደስ ሰነድ አያበቅልም። ወደ ፉሪ በኩል የምትገዙ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። አዲስ አበባና ኦሮሚያ ነሐሴ 2014 ላይ ወሰናቸውን በስምምነት አካልለዋል፣ ከዚያ በኋላም ሸገር ከተማ ተመሥርቷል። ካርታውን የሰጠው የትኛው አስተዳደር ነው? ዛሬስ ቤቱ የሚተዳደረው በየትኛው ሥር ነው? ሁለቱ ካልገጠሙ የስም ዝውውሩ የት እንደሚፈጸም ሳታውቁ ብር አትክፈሉ። የኮሪደርና የወንዝ ዳርቻ ልማቱንም አትርሱ። ቤቱ ትንሹ አቃቂ ወንዝ አጠገብ ወይም ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ከፕላን መሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። ባለቤት በድንገት ቤቱን የሸጠበት ምክንያት እዚያ ተጽፎ ታገኙት ይሆናል።

ኮንዶሚኒየም ለሚገዙ፣ የ20/80 ዕጣ ቤት ከሆነ የ5 ዓመት የሽያጭ ገደቡ ማለፉን አረጋግጡ። የጀሞዎቹ ያረጁ ስለሆኑ ይህ ብዙ አያሳስብም፣ አዳዲሶቹ ሳይቶች ላይ ግን ያሳስባል። የባንክ ብድሩ ተከፍሎ አልቋል ወይ? ሌላው ስለ ግድግዳ ነው። በኮንዶሚኒየም አዋጅ (ቁጥር 370/1995) ሕንጻውን የተሸከመው አካል፣ ጣሪያው፣ የጋራው መስመር የሁሉም ነው። አዳሹ ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ አፍርሶ ከሆነ አግሮስቶን ነበር ወይስ ኮንክሪት? በረንዳው በመስታወት ተዘግቶ ክፍል ሆኖ ከሆነ ማን ፈቀደ? የብሎኩን ኮሚቴ አነጋግሩ። ከዚያ አንድ ፎቅ ውረዱና ከሥር ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩ። የላይኛው ቤት መታጠቢያ ያፈስስ እንደሆነ ከአዳሹም ከደላላውም በላይ የሚያውቁት የታችኛዋ እናት ናቸው፤ ኮርኒሳቸውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

የደቡብና የደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ ሰፊ ክፍል፣ ለቡንና ጀሞን ጨምሮ፣ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። መሠረቱ ይህን ታሳቢ አድርጎ ያልተሠራ ቤት በየዓመቱ ትንሽ ይነሳል፣ ትንሽ ይወርዳል። ምልክቱ ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ አልገጥም የሚል በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ የውጭ ወለል ነው። አዳሽ ስንጥቁን በስቱኮ ይሞላዋል፣ በሩን ያስላገዋል፣ ወለሉን በሴራሚክ ያለብሰዋል። ጥቅምት ላይ ታድሶ ጥር ላይ የሚሸጥ ቤት እድሳቱ አንድም ክረምት አላየም። ከቻላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግዙ። ካልቻላችሁ የግድግዳውን የውጭ ገጽ በጎን በኩል እዩ፣ ብዙ ጊዜ ከኋላ ያለው የአጥር ጥግ አይቀባም። ጎረቤት ቤት ላይ ስንጥቅ ካለ አፈሩ አንድ ነው።

ግድግዳውን አንኳኩ። ብሎኬት ነው ወይስ ጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ የተለሰነ? ጭቃ ቤት ነውር አይደለም፣ ብዙዎቻችን ያደግነው እዚያ ነው። ግን በብሎኬት ዋጋ አይገዛም። የግድግዳው ውፍረት በመስኮቱ በኩል ይታያል፣ ድምፁም ይለያል፣ ከታች በኩል ደግሞ ምስጥ ካለ ዱቄቱ ይገኛል። ሴራሚኩን በሳንቲም ምቱት፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሲሚንቶ ያልያዘው ነው። ኮርኒሱ ላይ መውጫ ካለ በእጅ ስልክ መብራት አጣሩ። አዲስ ጂፕሰም ሥር የበሰበሰ እንጨትና የዛገ ቆርቆሮ ማግኘት ያለ ነው። መውጫ የሌለው ኮርኒስ ካጋጠማችሁ አንድ እንዲከፈት ጠይቁ።

ውሃው ሲከፈት ይፈስሳል፣ ሮቶው ስለሞላ። የመስመሩ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚነግራችሁ የጎረቤት ዘበኛ ነው። መብራቱ በርቷል፣ ግን አዲስ ሶኬት አሮጌ ሽቦ ላይ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሪሻን ማከፋፈያውን ይክፈተው። የቆሻሻ ጉድጓዱ የት ነው? ሴራሚኩ ሥር ተቀብሮ መክፈቻ ካጣ፣ ሲሞላ የምታፈርሱት አዲሱን ወለላችሁን ነው። ፎቅ ተጨምሮ ከሆነ የግንባታ ፈቃዱን እዩ። ለአንድ ወለል የታሰበ መሠረት ላይ ሁለተኛ መጫን በቀለም የሚፈታ ነገር አይደለም። ለዚህ ሁሉ አንድ መሐንዲስ ቀጥሩ፤ ደላላው ያመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን። የሚጠይቀው ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም።

ደላላ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ከዚህ በላይ የሸጥከው ያንተ» ተብሎ ቤት የያዘ ደላላ አለ። ይሄ ሰው ኮሚሽን እየጠየቃችሁ ሻጭም ነው። መካከለኛ መስሎ ሲመክራችሁ ይህን አስታውሱ።

ቀብድ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው «ለማስያዝ ያህል» ይመስለዋል። በሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከላይ ያሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ፣ «ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል» ስለተባለ ብቻ ቀብድ አይሰጥም። ከሰጣችሁም «ዕዳና እገዳ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል በጽሑፍ ይግባ፣ ክፍያውም በባንክ ይሁን። ዋናው ውል በውልና ማስረጃ ይፈረም። የሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ካፌ ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይህን አይተካም። ከዋጋውም ላይ የሚቻላችሁን ያህል ስሙ እስኪዞር ድረስ በእጃችሁ ወይም በሲፒኦ አቆዩ፤ ያለፈ የውሃና የመብራት ዕዳ፣ ያልተከፈለ የጣሪያና ግድግዳ ግብርም ከዚያው ይቀነሳል። ተከራይ አለበት ወይ ብላችሁም ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ የ2 ዓመት ስለሆነ ቤቱ ተሸጠ ተብሎ ሰው በማግስቱ አይወጣም።

ገብታችሁ ከሆነስ? ያኔም ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ገዢ ቤቱን ወዲያው መመርመር፣ ያገኘውን ጉድለት ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ በመርህ ደረጃ አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ፎቶና ቪዲዮ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ፣ መሐንዲስ በጽሑፍ እንዲመሰክር አድርጉ፣ ማስታወቂያውንም በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ለሻጩና አብሮ ለፈረመው አዳሽ ስጡ፣ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙ። ያ የቲክቶክ ቪዲዮም ከመጥፋቱ በፊት ይቀመጥ። «ምንም ስንጥቅ የሌለበት» የተባለው እዚያ ላይ ነው።